ከደብተር በፊት መሬት፦ ጂኦግራፊን እንዴት እናስተምር?

አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ጠርታችሁ ኮንቱር ምን እንደሆነ ጠይቁት። በእንግሊዝኛ ሳይደናቀፍ ይነግራችኋል። እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኝ መስመር ነው ይላል፣ እንደ ዳዊት ደግሞታል። ከዚያ የሰፈሩን ካርታ ዘርጉለትና «ይሄን ኮረብታ በየት በኩል ብትወጣው ይቀልሃል?» በሉት። ዝም ይላል። ይኸው ልጅ ግን በየቀኑ ጠዋት ያንኑ ኮረብታ ዞሮ ነው ትምህርት ቤት የሚደርሰው፤ ገደላማውን ትቶ በተዳፋቱ በኩል ይመጣል፣ ዝናብ ሲሆን ደግሞ ሌላ መንገድ አለው፣ ይሄንን ሁሉ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረውም።

ጂኦግራፊ ሳስተምር ሁሌም የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ልጁ ያውቃል። የሚያውቀው ነገርና ደብተሩ ላይ የገለበጠው ነገር አንድ መሆኑን ግን የነገረው ሰው የለም። አምባ፣ ሸንተረር፣ ጉብታ፣ ረባዳ፣ ሸለቆ የሚሉት ቃላት እቤቱ አሉ። አገሩን በከፍታ ከፍሎ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ማለትን ከአያቶቹ ነው የወረሰው። እኛ ግን ይሄን ሁሉ በር ላይ አስቀምጦ እንዲገባ እናደርገውና ሰሌዳ ሙሉ ኖት እንጽፍለታለን።

ስለዚህ የኔ አካሄድ አንድ ነው። መጀመሪያ መሬቱን፣ ቀጥሎ በራሱ ቋንቋ ስሙን፣ የመጽሐፉን ቃል በመጨረሻ። ከታች የምጽፈው ይሄንን በሃይስኩልም በዩኒቨርሲቲም እንዴት እንደምትሠሩት ነው። ብዙ ብር አይጠይቅም።

መጀመሪያ ከክፍል ውጡ

የመጀመሪያዋን የካርታ ትምህርት ያለ መጽሐፍ አስተምሩ። መኪና መከራየት አያስፈልግም፣ ግቢው ይበቃል። 50 ሜትር ሲባጎ፣ ሁለት ችካል፣ እርሳስና ባለ ካሬ ወረቀት ያዙ። ሲባጎውን ወጥሩትና ተማሪዎቹ በተለመደ አረማመዳቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ጊዜ ይሂዱ። እርምጃቸውን ይቁጠሩ፣ አማካዩን ይውሰዱ። አንዱ 66 ይወጣለታል፣ አንዷ 72፣ አጠር ያለው 80። ከዚህ በኋላ እያንዳንዱ ልጅ ሜትሩን እግሩ ላይ ይዞ ይዞራል። ከባንዲራው እስከ ላይብረሪው፣ ከላይብረሪው እስከ ሽንት ቤቱ፣ ከዚያ እስከ ጥበቃው ቤት ለክተው 1 ሴንቲ ሜትር ለ10 ሜትር ብለው ይሣሉ። ይሄ 1፡1,000 ስኬል ነው። ስኬል የሚባለውን ነገር በቃል ስታብራሩ ሁለት ፔሬድ ይፈጃል፣ እዚህ ግን በእግራቸው ስለቆጠሩት ብቻ ይገባቸዋል።

80 ተማሪ ይዞ መውጣት እንደሚያስፈራ አውቃለሁ። ስምንት ስምንት አድርጓቸው። ሁለቱ ይራመዳሉ፣ ሁለቱ ይቆጥራሉ፣ ሁለቱ ይጽፋሉ፣ ሁለቱ ይሥላሉ፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ለዳይሬክተሩና ለጥበቃው ከአንድ ቀን በፊት ንገሩ። ሥራውን ክፍል ውስጥ እያሉ አካፍላችሁ ጨርሱ፣ ምክንያቱም ሥራ ሳይዝ የወጣ ተማሪ ለእረፍት እንደወጣ ነው የሚቆጥረው፣ ልክም ነው።

በሚቀጥለው ቀን የግቢውን የሳተላይት ፎቶ በስልካችሁ አሳዩአቸው። ኔትወርክ እንዳያስቸግራችሁ ማታ እቤት ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያዙ። የየቡድኑን ሥዕል ከፎቶው ጋር ያነጻጽሩ። ይጨቃጨቃሉ፣ ተዉአቸው። አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ ክረምት ክረምት ውኃ የሚተኛበትን ጥግ በነጠብጣብ ከብባ ሥላ ነበር። ፎቶው ላይ የለም። ደረቅ መሬት ነው የሚታየው። ጓደኞቿ «ተሳስተሻል» አሏት፤ እሷ ደግሞ «ሐምሌ ላይ ኑና እዩት» አለች። ውኃው ለምን እዚያ ጥግ እንደሚሄድ፣ ከየትኛው ጣራና ከየትኛው ተዳፋት እንደሚመጣ ተነጋገርን። የተፋሰስን ትምህርት ከዚያች ነጠብጣብ ጀመርኩት፣ ትርጉሙን መጻፍም አላስፈለገኝም።

ኮንቱር በድንች

ይሄን ቀስ ብላችሁ አንብቡት፣ ብዙ ልጅ የሚወድቅበት ቦታ ነውና።

ኪሎ ተኩል ድንች ግዙ። አንዱ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ሌላው ጎኑ ዘንበል ያለውን ምረጡ፣ ክብ ድንች አይጠቅምም። ለሁለት ሰንጥቁትና ጠፍጣፋው በኩል ወረቀት ላይ ይቀመጥ። ኮረብታ ሆነ። አሁን ከአናቱ ወደ ታች በቢላው ጫፍ ቀጭን ቦይ ቆፍሩበት፣ ይሄ ወንዝ ነው። ቀጥሎ ሁለት ስቴኪኒ ከላይ እስከ ታች ቀጥ አድርጋችሁ ውጉበት። የስቴኪኒውን ነገር እንዳትዘሉት። እሱ ከሌለ የተቆረጡት ቁራጮች ቦታቸውን ይስታሉ፣ ሥዕሉም ይበላሻል።

ስቴኪኒዎቹን አውጡና ድንቹን አግድም፣ በ1 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ቁረጡት። ቢላውን እናንተ ያዙ። ከሥር ያለውን ትልቁን ቁራጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡና ዙሪያውን በእርሳስ ይሣሉት፣ ሁለቱን ቀዳዳዎችም ምልክት ያድርጉ። ያንን አንሱ፣ ቀጣዩን ቁራጭ ቀዳዳዎቹን ከምልክቶቹ ጋር ገጥማችሁ አስቀምጡ፣ እንደገና ይሣሉ። እስከ አናቱ እንዲሁ ነው። መስመሮቹ ላይ ከታች ጀምረው 20፣ 40፣ 60 ሜትር ብለው ይጻፉ።

አሁን ወረቀቱን ብቻ ይዩ። ቀጥ ባለው ጎን መስመሮቹ ተጠጋግተዋል፣ ዘንበል ባለው ጎን ተራርቀዋል። «ጄሪካን ውኃ ተሸክማችሁ በየት በኩል ትወጣላችሁ?» በሏቸው። ጣታቸው ራሱ ይሄዳል። ቦዩን ደግሞ ያሳዩአችሁ። መስመሮቹ ቦዩ ጋ ሲደርሱ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፣ የእጥፋቱም ጫፍ ወደ አናቱ ያመለክታል። ወንዝ ያለበት ኮንቱር ሁልጊዜ ወደ ላይኛው የወንዙ ክፍል ነው የሚሾለው። ይሄ ነገር በማትሪክ ፈተና ስንቱን እንደሚያደናግር ያስተማረ ያውቀዋል፣ በገዛ እጁ ድንቹን የሣለ ልጅ ግን አይረሳውም።

ከድንቹ በኋላ እውነተኛ ካርታ አምጡ። የአገራችን የ1፡50,000 ቶፖግራፊ ካርታ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ማለት 1 ኪሎ ሜትር ነው፣ የኮንቱሮቹ ልዩነት ደግሞ 20 ሜትር ነው። ቀድሞ ካርታ ሥራዎች እያልን የምንጠራው መሥሪያ ቤት ዛሬ በስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ነው። በትምህርት ቤታችሁ ስም የአካባቢያችሁን ሉህ ብትጠይቁ ይሻላል። ከሩቅ አገር ካርታ ይልቅ ልጆቹ የገዛ ወንዛቸውን ስም የሚያነቡበት ሉህ አሥር እጥፍ ያስተምራል።

አየር ንብረትን በአውቶቡስ መንገድ

የአየር ንብረት ቀጠናዎችን በሠንጠረዥ ማስጻፍ ቀላል ነው። ቆላ ከ500 እስከ 1,500 ሜትር፣ ወይና ደጋ እስከ 2,300፣ ደጋ እስከ 3,200፣ ከዚያ በላይ ውርጭ። ጥሩ። ግን ቁጥሩ ብቻውን አይሞቅም አይበርድም። እናንተ መንገድ ምረጡ።

እኔ የምወደው ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ያለውን ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ሸዋ ሮቢት 1,280 ገደማ። መካከላቸው ያለው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ጋቢ ለብሰህ ተሳፍረህ ጣርማ በርን አልፈህ ቁልቁል ስትወርድ ጋቢውን ታወልቃለህ፣ ከዚያ ሹራቡን፣ ሸዋ ሮቢት ስትደርስ መስኮት ትከፍታለህ። ገብስና ባቄላው ይቀርና ማሽላና ማሾ ይመጣል። ተማሪዎቹ አሁን ያስሉት። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ልዩነቱ 1,560 ሜትር ነው። 10 ዲግሪ ገደማ ይወጣል። ያቺ 10 ዲግሪ ናት ጋቢውን ያስወለቀችው።

የናንተ ተማሪዎች ይሄን መንገድ ካላወቁ የሚያውቁትን ፈልጉ። በየአካባቢው ሰው እህል ይዞ ወርዶ ሌላ እህል ይዞ የሚወጣበት የገበያ መንገድ አለ። «እናታችሁ ከቆላ ገበያ ምን ገዝታ ትመጣለች?» ብላችሁ ጀምሩ።

ስለ ቁጥር ካነሳን አይቀር፣ የራስ ደጀን ከፍታ በአንዱ መጽሐፍ 4,620፣ በሌላው 4,550፣ በሌላው 4,533 ሜትር ተብሎ ታገኙታላችሁ። ልጆች ይሄን አይተው ሲጠይቁ «መጽሐፋችሁ ያለውን ያዙ» አትበሉ። የተራራ ከፍታ እንዴት ይለካል? መለኪያው ሲሻሻል ቁጥሩስ ለምን ይለወጣል? አንድ ሙሉ ፔሬድ ይወጣዋል፣ ያውም ጥሩ ፔሬድ።

ፍሬሽማን ክፍል ውስጥ ያለው ካርታ

ወደ ዩኒቨርሲቲ እንምጣ። የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ የሚባለው የፍሬሽማን ኮርስ ብዙ ጊዜ በስላይድና በሞጁል ያልቃል። አዳራሹ ሙሉ ነው፣ መምህሩ ያነባል፣ ተማሪው ፎቶ ያነሳል። እዚያው አዳራሽ ውስጥ ግን ከጎዴ፣ ከጋምቤላ፣ ከአክሱም፣ ከጂንካ፣ ከያቤሎ የመጣ ልጅ ተቀምጧል። ከዚህ የተሻለ መረጃ ከየት ይመጣል?

እንዲህ አድርጉ። ለእያንዳንዱ ተማሪ አሥራ ሁለት ሳጥን ያላት ትንሽ ወረቀት ስጡ፣ ከመስከረም እስከ ነሐሴ። ያደገበትን ወረዳ ስም ይጻፍ። ዝናብ የሚጥልበትን ወር ያጥቁር፣ በጣም የሚዘንብበትን ሁለቴ ያጥቁር። ከዚያ ግድግዳ ላይ ትልቅ የኢትዮጵያ ካርታ ለጥፉና እያንዳንዱ ወረቀቱን በቦታው ይለጥፍ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ወደኋላ ሄዳችሁ ስታዩት ነገሩ ይገለጣል። ሰሜኑና መካከለኛው ክፍል ሰኔ፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ ላይ ጠቁሯል። ምዕራቡ ብዙ ወር ጠቁሯል። ወደ ቦረናና ወደ ሶማሌ ስትሄዱ ግን ሐምሌ ባዶ ነው። እዚያ ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ መስከረም መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኅዳር ድረስ። የአዲስ አበባ ልጅ ክረምት ማለት ዝናብ ማለት ነው ብሎ ነው ያደገው። ከጎኑ የተቀመጠችው የያቤሎ ልጅ «እኛ ጋ ሐምሌ ደረቅ ነው» ስትለው ፊቱ ላይ የምታዩት መገረም ትምህርቱ ነው። ከዚያ በኋላ የዝናቡ ቀበቶ ከፀሐይ ጋር ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ መመላለሱን ብታስተምሩ ሁሉም ሰው የሰማውን የሚሰቅልበት ቦታ አለው።

አንድ ነገር አደራ። ጥያቄው ስለ መሬትና ስለ ዝናብ ይሁን። «ብሔርህ ምንድን ነው?» የሚል ሽታ ያለው ነገር ወረቀቱ ላይ እንዳይገባ። ጂኦግራፊ ልጆቹን የሚያቀራርብ ትምህርት ነው፣ ይሄን ዕድል በአንድ ግድ የለሽ ጥያቄ እንዳናበላሸው።

ጂአይኤስ፦ ከሶፍትዌሩ በፊት ጥያቄው

ብዙ ቦታ ጂአይኤስ (ካርታና የቦታ መረጃ በኮምፒውተር የሚሠራበት ዘዴ) የሚሰጠው «ይሄን በተን ተጫን፣ ቀጥሎ ይሄን» እየተባለ ነው። ተማሪው በተኑን ያውቃል፣ ለምን እንደተጫነው አያውቅም። ሶፍትዌሩ ቨርዥን ሲቀይር እውቀቱም አብሮ ይጠፋል።

ሁለት ሐይቅ ስጧቸው። አንዱ መተሐራ አጠገብ ያለው በሰቃ ነው። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ ከአሥር እጥፍ በላይ ሰፍቷል፣ ውኃው ጨዋማ ነው፣ አስፋልቱንና የባቡር ሐዲዱን ሲያስጨንቅ ኖሯል። ሁለተኛው እዚያው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለው አብያታ ነው፣ እሱ ደግሞ እየሸሸ ነው የመጣው። አንዱ አድጎ ሌላው ለምን ቀነሰ? ጥያቄው ይሄ ነው። መልሱን አትንገሯቸው።

ላንድሳት የሚባሉት ሳተላይቶች ያነሷቸው ፎቶዎች ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሉ፣ በነፃ ይወርዳሉ። ኪውጂአይኤስ የሚባለው የካርታ ሶፍትዌርም ነፃ ነው፣ ከተጫነ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። የላቡ ኔትወርክ ላይ አትመኩ። ፎቶዎቹን አስቀድማችሁ አውርዳችሁ በፍላሽ አድሉ። በየአሥር ዓመቱ አንድ አንድ ፎቶ ይበቃል፣ ግን ሁሉም ከአንድ ወቅት ይሁኑ፣ የጥር ፎቶን ከመስከረም ፎቶ ጋር ማወዳደር ሐይቁ የተለወጠው በዓመታቱ ይሁን በወቅቱ እንዳይለይ ያደርጋል። ተማሪው የሐይቁን ዳር ይሣል፣ ስፋቱን ያስላ፣ በግራፍ ያስቀምጥ። የድሮዎቹ ፎቶዎች ጥራት ዝቅ ያለ ስለሆነ የሐይቁ ጠርዝ በትክክል አይታይም። ስንት ሄክታር ሊሳሳት እንደሚችል ይጻፍ። ስህተቱን ያልጻፈ ሪፖርት ማርክ አይሙላ፣ እዚህ ላይ ጨክኑ።

ቀጥሎ ምክንያቱን ይፈልጉ። በሰቃ ዙሪያ ምን ዓይነት እርሻ አለ፣ በመስኖ የጠጣው መሬት ውኃው ወዴት ይሄዳል፣ የከርሰ ምድር ውኃውስ? ወደ አብያታ በሚገባው የቡልቡላ ወንዝ ላይ ከላይ በኩል ምን ተሠርቷል? ከሐይቁ ዳር ሶዳ አሽ የሚያወጣ ፋብሪካ መኖሩስ? ተማሪዎች ሲከራከሩ መምህሩ የሚሠራው «በምን ታውቃለህ?» ማለት ብቻ ነው።

አንዲት ቴክኒካል ነገር፦ የቆዩት ቶፖግራፊ ካርታዎቻችን አዲንዳን በሚባለው ዳተም (የቦታዎች መገኛ በሚለካበት መነሻ) ነው የተሠሩት። ስልክና ጂፒኤስ ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 ይጠቀማሉ። ይሄን ሳይቀይር የተደራረበ ካርታ ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ይንሸራተታል። ተማሪው መጀመሪያ ይሳሳት፣ ወንዙ ኮረብታ ላይ ሲወጣ ይይ፣ ከዚያ አስተካክሉት።

ፈተናውስ?

«ይሄን ሁሉ ካደረግኩ ምዕራፉን መቼ ልጨርስ?» የሚል መምህር ልክ ነው። ሁሉንም አታድርጉት። በሴሚስተር ሦስት ወይም አራት እንዲህ ያለ ክፍለ ጊዜ በቂ ነው፣ ሌላውን እንደተለመደው አስተምሩ። ግን ፈተናችሁን ቀይሩ፣ ምክንያቱም ተማሪ የሚያጠናው የሚፈተነውን ነው። «ኮንቱር ምንድን ነው?» ከማለት ትንሽ የኮንቱር ሥዕል ስጡና ለቀበሌው የውኃ ታንከር የት ቢቀመጥ ውኃው ያለ ፓምፕ ለሁሉም ይደርሳል በሏቸው። ምርጫ ያለው ጥያቄም ቢሆን በካርታ ላይ ሊጠየቅ ይችላል። እንግሊዝኛው የከበደው ልጅ በአፍ መፍቻው መጀመሪያ ያስረዳ፣ ከዚያ የእንግሊዝኛውን ቃል ይልበስበት።

የጥላው ነገር

ይሄ ለሁሉም ደረጃ ይሆናል። 1 ሜትር ቀጥ ያለ እንጨት ጠፍጣፋ መሬት ላይ በቱምቢ አቁሙ። ቱምቢ ከሌለ ክር ላይ ድንጋይ እሰሩ። ከ6 ሰዓት ከሩብ እስከ 7 ሰዓት ድረስ በየአምስት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት አድርጉ። አጭሩ ጥላ የእኩለ ቀኑ ነው፣ የሚያመለክተውም ትክክለኛውን ሰሜን ወይም ደቡብ ነው። አዲስ አበባ ላይ ታኅሣሥ አጋማሽ 64 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ወደ ሰሜን ይተኛል። ሰኔ አጋማሽ ላይ ዞሮ ወደ ደቡብ 26 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከምድር ወገብ ብዙም ስላልራቅን ነው ይሄን የምናየው፣ የአውሮፓ ልጅ ጥላው እኩለ ቀን ላይ ወደ ደቡብ ሲዞር አያይም።

በሌላ ከተማ የሚያስተምር ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ደውሉለት። አርባ ምንጭና ባሕር ዳር በአንድ ኬንትሮስ ላይ ናቸው ማለት ይቻላል። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆንበት መጋቢት 11 ገደማ ሁለቱም ከተማ ይለካ። አርባ ምንጭ ላይ ጥላው 10 ሴንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ፣ ባሕር ዳር ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ተኩል አካባቢ ይሆናል። ከዚያ የፀሐይ ጨረር ከእንጨቱ ጋር የሚሠራውን ማዕዘን ከጥላው ርዝመት ያስሉ፤ የሁለቱ ከተማ ማዕዘን ልዩነት 5 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይወጣል። በቀጥታ መስመር መካከላቸው 617 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከካርታ ይለኩት። 360ን ለዚያ ማዕዘን አካፍለው በርቀቱ ሲያባዙ የምድር ዙሪያ ወደ 40,000 ኪሎ ሜትር ተጠግቶ ይመጣል። የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ ኤራቶስቴንስ ከ2,200 ዓመት በፊት በግብፅ ምድር የሠራው ይሄንኑ ነው፣ የኛ ልጆች በእንጨትና በስልክ ይደግሙታል።

ጥላው ጨርሶ የሚጠፋበት ቀንም አለ። በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ በትክክል አናታችን ላይ ትሆናለች። አዲስ አበባ ላይ አንዱ ነሐሴ 24 ገደማ ነው፣ ትምህርት ዝግ ነው፣ ሰማዩም ደመና ነው። ሌላው ሚያዝያ 5 አካባቢ ነው። አርባ ምንጭ ቀድሞ በመጋቢት መጨረሻ፣ ባሕር ዳር ሚያዝያ 12 ገደማ፣ መቀሌ ሚያዝያ 18 ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ እንጨታችሁን በመጋቢት አዘጋጁ። አዲስ አበባ ያላችሁ ሚያዝያ 5 ከ6 ሰዓት ከ20 ጀምሮ ልጆቹን ሜዳው ላይ አቁሟቸው፣ 6 ሰዓት ከ25 አካባቢ ጥላቸውን እግራቸው ሥር እንዲፈልጉት።